የትንሽ መጠጥ ዕቃ ስም ከየት እንደመጣ እንዴት ይመረመራል? ብርሌን ምሳሌ በማድረግ

ብርሌን አይቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ ስሙ ምን ማለት እንደሆነና ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው ዕቃውን ያሳያል እንጂ ቃሉን አያብራራም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ጥያቄ በራሱ ጥረት ሊመረምር ለሚሻ አንባቢ ነው። ሥራው መዝገበ ቃላት በመግለጥ ብቻ አይጠናቀቅም። ዕቃውን በዓይን ማየት፣ አነባበቡን በጆሮ መስማት፣ ቃሉ በጽሑፍ የሚገኝበትን ዘመን መጠየቅ፣ በመጨረሻም የተገኘውን መልስ እንደ ባላጋራ ሆኖ መፈተን ያስፈልጋል። ለምሳሌነት ብርሌን የመረጥሁበት ምክንያት ቃሉ የተጓዘበት መንገድ ርቆ የሚሄድ ሆኖ ሳለ፣ ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ማንም ሰው በቤቱ ሊያገኛቸው በሚችላቸው መጻሕፍት ውስጥ ስለሚታዩ ነው።

ከዕቃው ይጀምሩ

የቃል ምርመራ የሚጀምረው ቃሉ የሚጠራውን ነገር በትክክል በመግለጽ ነው። ብርሌ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረዘም ያለና ጠባብ፣ እጀታ የሌለው፣ ውስጡ ያለው ጠጅ ከውጭ የሚታይበት ትንሽ የመስተዋት ዕቃ ነው። የሚጠጣበት በቀጥታ በአፉ ነው፤ ስለዚህ መቅጃም መጠጫም ነው ለማለት ይቻላል። በጠጅ ቤት ደግሞ መለኪያም ይሆናል፤ «አንድ ብርሌ» ሲባል ዕቃው ሳይሆን በውስጡ ያለው የጠጅ መጠን ነው የሚታሰበው።

መግለጫውን ሲጽፉ ዕቃውን ከቅርብ ዘመዶቹ መለየት ይገባል። ብልቃጥ ከብርሌ ያነሰ ሆኖ ሽቱ፣ መድኃኒት ወይም ሌላ በጠብታ የሚለካ ነገር የሚቀመጥበት ሲሆን፣ በአማርኛው የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 26 ሴቲቱ ሽቱ ይዛ የመጣችበት ዕቃ በዚሁ ስም ተጠርቷል። ጠርሙስ ከሁለቱም የሚበልጥ፣ ክዳን ወይም ቡሽ ያለው ነው። ሽክናና አንኮላ ከቅል፣ ዋንጫ ከቀንድ ይሠሩ ነበር። እንግዲህ ብርሌን ከነዚህ የሚለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ትንሽነቱ፣ የአንገቱ ቅርጽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥራቱ፣ ማለትም ብርሃን አሳላፊነቱ ነው። ይህን ሦስተኛውን ጠባይ አንባቢው በማስታወሻው ላይ እንዲያሰምርበት እመክራለሁ፤ የቃሉ ታሪክ የሚፈታው በእሱ ነውና።

ከመግለጫው ቀጥሎ ቃሉ በሕዝብ አነጋገር ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ይሰብስቡ። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የታወቀ ነው። ብርሌ አንዴ ከተሰነጠቀ እንደ ሸክላ አይጠገንም፣ እንደ ቅልም አይሰፋም። ተረቱ ስለ ሰው መተማመን የሚነገር ቢሆንም ለመርማሪው አንድ ቁም ነገር ይሰጠዋል፤ ተናጋሪዎቹ ብርሌ ሲሉ የሚያስቡት የመስተዋት ዕቃ እንደሆነ፣ ሸክላ ወይም ብረት እንዳልሆነ ያረጋግጥለታል። ረዥምና ቀጥ ያለ አንገት ያላትን ሴት «አንገተ ብርሌ» ብሎ ማወደስም እንዲሁ የዕቃውን ቅርጽ ይመሰክራል። ተረት፣ ዘፈንና ሙገሳ ቃሉን በጊዜው እንደነበረው ይዘው ስለሚቆዩ ከመዝገበ ቃላት ባላነሰ ዋጋ ሊሰጣቸው ይገባል።

አነባበቡን ይመዝግቡ

የግዕዝ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አይጽፍም። ስለዚህ ቃሉን በጽሑፍ ብቻ የሚያውቅ መርማሪ ግማሹን ማስረጃ አጥቷል ማለት ነው። «ብርሌ» ስንል «ሌ» ጠብቃ ትነበባለች፤ ይህን በማስታወሻ ላይ በግልጽ ማስፈር ይገባል፤ ምክንያቱም የጠበቀ ድምፅ ብዙ ጊዜ ቃሉ በመጣበት ቋንቋም የተደረበ ድምፅ እንደነበረ ይጠቁማል። ቃሉ በኦሮምኛም «ቢሪሌ» ተብሎ፣ «ሌ»ዋ እንደጠበቀች ይነገራል። ጎረቤት ቋንቋዎችን መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር አንዳንዱ ተቀባይ ከሰጪው የተሻለ ጠብቆት ይገኛል።

ከዚያም የተለያዩ አጻጻፎችን ሁሉ በአንድ ገጽ ይደርድሩ። በዚህ ቃል ረገድ «ብርሌ»፣ «ብረሌ» እና «ቢረሌ» የሚሉትን ያገኛሉ። ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር ከሦስቱ አንዱን «ትክክለኛው» ብሎ ለመምረጥ እንዳይቸኩል ነው። የፊደሎቹ ልዩነት የጸሐፊ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የተለያየ ዘመን ወይም የተለያየ ትርጉም ምልክትም ሊሆን ይችላል፤ እንደምናየውም በብርሌ የሆነው ይህ ሁለተኛው ነው።

መዝገበ ቃላት ሲገልጡ

በአገራችን ሊቃውንት ከተዘጋጁት መካከል ሁለቱ ለዚህ ሥራ ከሁሉም ይቀድማሉ። አንደኛው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከአለቃ ክፍለ ጊዮርጊስ ተቀብለው የደከሙበት፣ በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ጥረት በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግዕዝ ግስና መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የራሳቸው የአለቃ ደስታ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሲሆን በ1962 ዓ.ም. ታትሟል። የመጀመሪያው ቃሉ በግዕዝ ዘር እንዳለው፣ ሁለተኛው በአማርኛ ምን እንደሆነ ለማየት ያገለግላል፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይገለጣሉ።

አዲስ ገላጭ ብዙ ጊዜ የሚቸገርበት አንድ ነገር አለ። ሁለቱም መጻሕፍት የተደረደሩት በተለመደው በ«ሀ ለ ሐ መ» ተራ ሳይሆን በ«አ በ ገ ደ» ተራ ነው። በተለመደው የግዕዝ ተራ «በ» ዘጠነኛ ስትሆን በአበገደ ግን ሁለተኛ ናት፤ እንግዲህ ብርሌን የሚፈልግ ሰው መጽሐፉን ከመካከል ሳይሆን ከመጀመሪያው አካባቢ መግለጥ አለበት። የአበገደን ተራ በትንሽ ወረቀት ጽፎ በመጽሐፉ ውስጥ ማኖር ብዙ ጊዜ ያተርፋል። በተጨማሪም ቃላቱ በሥር ስለሚመደቡ፣ እንደ ብርሌ ያለ የራሱ ግስ የሌለው ስም በተነባቢዎቹ፣ ማለትም በ«በ»፣ «ረ» እና «ለ» ፊደሎች መፈለግ አለበት።

የውጭ ሊቃውንት ሥራዎች ሌላ ጥቅም አላቸው፤ የታተሙበት ዓመት ቃሉ ቢያንስ ከዚያ በፊት ይነገር እንደነበረ የሚያረጋግጥ የጊዜ ማኅተም ይሆናል። የሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛና ላቲን መዝገበ ቃላት በ1698፣ የአውግስጦስ ዲልማን የግዕዝና ላቲን መዝገበ ቃላት በ1865፣ የአንቷን ዳባዲ የአማርኛና ፈረንሳይኛ በ1881፣ የኢኛዚዮ ጉይዲ የአማርኛና ጣልያንኛ በ1901 ታትመዋል፤ እነዚህም ሆኑ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የቃልን ዝምድና ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር እያነጻጸረ የሚያሳየው የቮልፍ ሌስላው የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1987 የወጣ ሲሆን፣ የተደረደረው በላቲን ፊደል ተራ ነው። ገላጩ እነዚህን የሚያነብበት ቋንቋ ባይኖረው እንኳ የግዕዙ ፊደል በገጹ ላይ ስላለ ቃሉ መኖር አለመኖሩን ማየት አይሳነውም።

ቃሉን በጥንታዊ ጽሑፍ ውስጥ ይፈልጉት

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ ደርሰናል። በሁሉም ቤት የሚገኘውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያውጡና የዮሐንስ ራእይ የመጨረሻ ሁለት ምዕራፎችን ያንብቡ። በምዕራፍ 21 ቁጥር 20 ላይ የቅድስት ከተማ መሠረቶች የተሠሩባቸው የከበሩ ድንጋዮች ሲቈጠሩ ስምንተኛው «ቢረሌ» ይባላል። ጥቂት ዝቅ ብሎ በምዕራፍ 22 ቁጥር 1 ላይ ደግሞ የሕይወት ውኃ ወንዝ «እንደ ብርሌ» የሚያንጸባርቅ ሆኖ ተገልጿል። ሁለቱ ቃላት በጥቂት ቁጥሮች ርቀት ላይ ሆነው፣ አንደኛው በ«ቢ» ሌላው በ«ብ» ተጽፈው፣ የመጀመሪያው የድንጋይ ስም ሲሆን ሁለተኛው የጥራት ምሳሌ ነው። በግሪኩ መጽሐፍ ሁለቱ ቦታዎች የተለያዩ ቃላት አሏቸው፤ በምዕራፍ 21 «ቤሪሎስ»፣ በምዕራፍ 22 ግን «ክሪስታሎስ» ይላል፤ ይህም በረዶ፣ ቀጥሎም እንደ በረዶ የጠራ ድንጋይ ማለት ነው። የአማርኛው ተርጓሚ ለጠራው ድንጋይ ወይም ለጠራው መስተዋት የሚሆን ቃል ሲሻ ከአፉ የመጣለት «ብርሌ» ነው። ይህ ለእኔ በቃሉ ታሪክ ውስጥ ካሉት ምስክሮች ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ የድንጋዩንና የዕቃውን ስም የሚያገናኘው ድልድይ በአንድ ገጽ ላይ ቆሞ ይታያልና።

መጽሐፍ ቅዱስ በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ የተተረጐመው በዋናነት ከግሪክ ነው። ተርጓሚዎቹ በአገራቸው ስም ያልነበራቸውን የከበሩ ድንጋዮች ስም እንዳለ ተቀብለው በግዕዝ አፍ አለዘቡት። ስለዚህ አንዱን ስም ብቻውን ከመመርመር ይልቅ በአንድ ዝርዝር ያሉትን ጓደኞቹን አብሮ መመርመር ይሻላል። በዚያው ምዕራፍ ውስጥ «ሰንፔር» ከግሪኩ «ሳፕፌይሮስ»፣ «ያክንት» ከ«ሂያኪንቶስ»፣ «መረግድ» ከ«ስማራግዶስ» መምጣታቸው ይታያል። በሦስቱም ላይ የግሪኩ መጨረሻ «ኦስ» ወድቋል። «ቤሪሎስ»ም እንደነሱ «ኦስ»ን ጥሎ «ቢረሌ» ሆኗል። አንድ የድምፅ ለውጥ በአንድ ቃል ላይ ብቻ ከታየ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ባሉ በብዙዎቹ ላይ ከታየ ግን ሥርዓት ነው። ቀደም ሲል የመዘገብነው የ«ሌ» መጥበቅም እዚህ ላይ ዋጋ ያገኛል፤ የግሪኩ ቃል የሚጻፈው በሁለት «ላምዳ» ነው።

ከ«ቢረሌ» ወደ «ብርሌ» ያለው ርቀት አጭር ነው። በተደጋጋሚ የሚነገር ቃል አናባቢው ይሳሳል፤ ሣልሱ ወደ ሳድስ ይወርዳል። «ሲኒ» የሚለው ቃል በብዙ ሰው አፍ «ስኒ» እንደሆነ ሁሉ «ቢረሌ»ም በገበታና በጠጅ ቤት አፍ «ብርሌ» ሆኗል፤ በመጽሐፍ የቀረው የድንጋዩ ስም ግን ከነባር አጻጻፉ አልተናወጠም። በየቀኑ የሚያዝ ነገር ስሙ ይለዝባል፤ በመጽሐፍ ብቻ የሚነበብ ነገር ስሙ ይጸናል። በሌሎች ቃላትም ላይ ጥንድ አጻጻፍ ሲያገኙ ይህን ሐሳብ ይሞክሩት።

ከግሪክ ወዲያ

ብዙ ሰው «ከግሪክ የመጣ ነው» ብሎ ይቆማል። መቆሙ ነውር ባይሆንም፣ እዚህ ላይ አንድ እርምጃ መጨመር ይቻላል። የግሪኩ «ቤሪሎስ» ራሱ ከሕንድ የተወሰደ ነው፤ በፕራክሪት «ቬሩሊያ»፣ በሳንስክሪት «ቫይዱርያ» የሚባለው የከበረ ድንጋይ ስም ነው። ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ድንጋዮች ሲጽፍ ቤሪል፣ ማለትም የቢረሌ ድንጋይ፣ በአብዛኛው የሚገኘው በሕንድ እንደሆነ ተናግሯል። እንግዲህ ቃሉ ከድንጋዩ ጋር ከሕንድ ወደ ሜዲትራንያን ተጉዞ፣ ከዚያ በመጽሐፍ ወደ አክሱም ተመለሰ ማለት ነው።

ይህ መንገድ ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። በዚያው በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ንግድ የተጻፈው የግሪክ የመርከበኞች መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል በግብፅ የተሠሩ የመስተዋት ዕቃዎችን ይጠቅሳል፤ በአክሱም መቃብሮች በተደረጉ ቁፋሮዎችም የመስተዋት ዕቃዎች ተገኝተዋል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ ደግሞ ኢትዮጵያውያን መረግድን በናይልና በቀይ ባሕር መካከል ባለው በረሃ ይኖሩ ከነበሩት ከብሌምዮች ገዝተው ወደ ሕንድ ይወስዱ እንደነበር መዝግቧል። መረግድ በኬሚካዊ ጠባዩ የቤሪል ወገን ነው፤ አረንጓዴነቱን የሚሰጠው በውስጡ ያለ ጥቂት ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም ነው። ዛሬ በጉጂ ዞን በሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው መረግድም ከዚሁ ከቢረሌ ቤተሰብ ነው። የፈረንሳዩ ኬሚስት ቮክላን በ1798 ከዚህ ድንጋይ ውስጥ ያገኘው አዲስ ንጥረ ነገር በኋላ «ቤሪሊየም» ተብሎ በድንጋዩ ስም ተጠርቷል። የጠጁ ብርሌና የኬሚስቱ ቤሪሊየም ከአንድ ቃል የወጡ ናቸው።

በሌሎች አገሮች የሆነውን ማየት ደግሞ የራስን መልስ ያጠናክራል። በጀርመንኛ መነጽር «ብሪለ» ይባላል፤ ይህም ቃል ከቤሪል የወጣ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ማጉያ መነጽር የሚሠራው ከጠራ ድንጋይ ስለነበረ የድንጋዩ ስም ለዕቃው ተረፈ። በጀርመን አገር መነጽር የሆነው ቃል በኢትዮጵያ የጠጅ መጠጫ ሆነ። የሁለቱ አገሮች ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ነገር ማድረጋቸው የትርጉሙ ለውጥ ተፈጥሯዊ እንደነበረ ያሳያል።

ድንጋይ እንዴት የዕቃ ስም ሆነ?

የድምፅ ዝምድና ብቻውን አያጠግብም፤ ትርጉሙ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደተሸጋገረ ሊገለጽ ይገባል። ለብርሌ የሚሰጠው መልስ በደረጃ የተከፈለ ነው። ንጹሕ ቤሪል ቀለም የለውም፤ እንደ ውኃ የጠራ ነው። ስሙ በመጀመሪያ የድንጋዩ ብቻ ነበረ፤ ቀጥሎ እንደ ድንጋዩ የጠራ ነገር ሁሉ በእሱ ተመሰለ፤ ከዚያም ከጠራው ነገር የተሠራው ዕቃ፣ ማለትም የመስተዋቱ መጠጫ፣ ስሙን ወረሰ። መካከለኛውን ደረጃ ከላይ በራእይ ምዕራፍ 22 አይተነዋል።

ነገር ከተሠራበት ቁስ ስሙን መውረሱ ለትንንሽ የፈሳሽ ዕቃዎች የተለመደ ነው። «ሲኒ» በዓረብኛ «የቻይና» ማለት ሲሆን፣ ከቻይና የሚመጣውን የሸክላ ዓይነት፣ ከዚያም ከእሱ የተሠራውን የቡና መጠጫ መጥራት ጀመረ። «ቅል» የተክሉም የዕቃውም ስም ነው። ስለዚህ ለማንኛውም የመጠጥ ዕቃ ስም ምንጭ ስንፈልግ ከሁሉ አስቀድመን «መጀመሪያ የተሠራው ከምን ነበር?» ብለን መጠየቅ አለብን። በእኔ አስተያየት ይህ ጥያቄ ከድምፅ መመሳሰል ይልቅ በፍጥነት ወደ እውነቱ ያደርሳል፤ ቢያንስ ከሐሰተኛው ያርቃል።

አንድ ቃል ግን ጨምሬ ማለፍ አለብኝ። ስሙን ያወረሰው ድንጋይ ብርቱ ነው፤ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ከ7.5 እስከ 8 ይደርሳል። ስሙን የወረሰው ዕቃ ግን በተረቱ እንደተባለው ከነቃ ዕቃ አይሆንም። ስለዚህ የወረሰው የድንጋዩን ጥራት እንጂ ጥንካሬውን እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ይህም በመጀመሪያ ያሰመርንበት ጠባይ ትክክል እንደነበረ ያሳያል።

መልሱን ይፈትኑት

የቃል ምንጭ ፍለጋ ላይ ትልቁ ጠላት ደስ የሚል ግምት ነው። ብርሌን «ብር» ከሚለው ቃል ጋር የሚያያይዝ ሰው ቢገጥምዎት፣ ዕቃው እንደ ብር ስለሚያበራ ነው የሚል ማብራሪያም ቢያክል፣ ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቁት። «ሌ» የምትለው ምን ትሠራለች? ነባሩ አጻጻፍ «ቢረሌ» ሲሆን በምን መንገድ ከ«ብር» ሊወጣ ይችላል? ለብረቱ ብር በግዕዝ ያለው ስም «ብሩር» ሆኖ ሳለ ሁለተኛው «ር» የት ደረሰ? ግምቱ አንዱንም አይመልስም፤ የግሪኩ መንገድ ግን ለቃሉ ፊደሎች ሁሉ መልስ አለው። ጥሩ ምንጭ ቃሉን እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ ያብራራል።

ሌላው ሊመጣ የሚችለው ግምት «ብርሌ» ከጣልያንኛው «ባሪሌ» ነው የሚል ነው። ድምፁ በእርግጥ ይቀራረባል። ነገር ግን ባሪሌ የእንጨት በርሜል ነው፤ ትልቅ፣ ብርሃን የማያሳልፍ፣ የሚከማችበት እንጂ የሚጠጣበት አይደለም። የአማርኛችን «በርሜል» ደግሞ በዓረብኛው «በርሚል» በኩል የመጣ ነው። ከሁሉ በላይ «ቢረሌ» በግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚገኝ ስለሆነ ጣልያኖች ወደ አገራችን ከመምጣታቸው በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ቅርጽ፣ ቁስና ዘመን ሦስቱም ሲቃወሙ የድምፅ መመሳሰል ዋጋ የለውም።

ውጤቱን እንዴት ይጽፉታል?

ምርመራው ሲያልቅ ውጤቱን በአጭር አንቀጽ ማስፈር ለሌላው አንባቢ ይጠቅማል። አንቀጹ ቃሉን፣ አነባበቡን፣ ትርጉሙን፣ ከዚያ ምንጩን ከቅርብ ወደ ሩቅ በቅደም ተከተል ይይዛል። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦ «ብርሌ፣ ስም፤ ሌ ይጠብቃል። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረዥም የሆነ የመስተዋት ጠጅ መጠጫ፤ በእሱ የሚሰፈር የጠጅ መጠን። ከግዕዝ ቢረሌ፣ የከበረ ድንጋይ ስም፤ እሱም ከግሪክ ቤሪሎስ፤ የግሪኩም ከሕንድ ቋንቋ።» በእንዲህ ያለ አንቀጽ ውስጥ የተረጋገጠውን ብቻ ማስገባት፣ ግምትን ደግሞ ከናካቴው መተው ይሻላል፤ በመዝገበ ቃላት ውስጥ የገባ ግምት ከአንድ ትውልድ በኋላ እንደ እውነት ይጠቀሳልና።

ሌሎች ስሞችን ሲመረምሩ

ከብርሌ ቀጥሎ ለልምምድ የሚመቸው «ፍንጃል» ነው። የዓረብኛው መደበኛ ቃል «ፊንጃን» ሲሆን ከፋርስኛው «ፒንጋን» የመጣ ነው፤ ታዲያ የአማርኛችን «ል» ከየት መጣች? በሳዑዲ ዓረቢያና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ አንባቢዎች መልሱን በየቀኑ ይሰማሉ፤ በዚያ የሕዝቡ አነጋገር የቡናው መጠጫ «ፊንጃል» ይባላል። እንግዲህ «ን» ወደ «ል» የተለወጠችው በአማርኛ ሳይሆን ገና በዓረብኛው አፍ ነው። ከዚህ የምንማረው የመጽሐፉን ዓረብኛ ብቻ ሳይሆን የሚነገረውንም መስማት እንዳለብን ነው። «ኩባያ» ከዓረብኛው «ኩባያ»፣ «ጣሳ» ከዓረብኛው «ጣሳ» መሆናቸው ብዙም ምርመራ አያስፈልገውም።

«ጽዋ» የሚለውን ሲይዙ ግን ወደ ነባሩ አጻጻፍ መመለስ ያስፈልጋል፤ በግዕዝ «ጽዋዕ» ነው፤ የመጨረሻዋን «ዕ» አማርኛ ጥሏታል። ይህ ቃል ደግሞ ከመጠጫው ወደ ጉባኤው ተሸጋግሮ፣ ምእመናን በየወሩ በቅዱሳን ስም የሚሰበሰቡበት ማኅበር «ጽዋ» ተብሏል። «ዋንጫ»ም በተመሳሳይ ከቀንድ መጠጫነት ወደ ውድድር ሽልማትነት አልፏል። በሁለቱ ቃላት ላይ የሚከብደው ምንጩን ማግኘት ሳይሆን ትርጉሙ የተለወጠበትን ምክንያት መግለጽ ነው፤ ለዚህም አባቶችንና እናቶችን ቀርቦ መጠየቅ፣ ድሮ በሠርግና በማኅበር ላይ በምን ይጠጣ እንደነበር፣ ለማን የትኛው ዕቃ ይቀርብ እንደነበር ማስታወሻ መያዝ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ይረዳል። ጥያቄው «የዚህ ቃል ምንጭ ምንድን ነው?» የሚል መሆን የለበትም፤ እንዲህ የተጠየቀ ሰው ጠያቂውን ላለማሳፈር ሲል መልስ ይፈጥራል። «ይህን ዕቃ ልጅ ሳሉ ማን ዘንድ አዩት? በምን ይታጠብ ነበር? ሲሰበር ምን ይደረግ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግን እውነተኛ ትዝታ ያወጣል።

«ጀሪካን» ከትንንሾቹ ዕቃዎች ጎራ ባይገባም ለዘመን ማስላት ጥሩ ትምህርት ነው። 20 ሊትር የሚይዘው የብረት ዕቃ በ1930ዎቹ በጀርመን ጦር የተሠራ ሲሆን፣ እንግሊዞች ጀርመኖችን በሚጠሩበት «ጄሪ» በሚለው ቅጽል ስም ጠሩት። ስለዚህ ቃሉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተጻፈ በማንኛውም የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ሊገኝ አይችልም።

በዚሁ መንገድ «ጠርሙስ»ን ይፈትኑት። ሙቀት ጠባቂው ዕቃ «ቴርሞስ» የሚለውን የንግድ ስም ያገኘው በጀርመን አገር በ1904 ነው፤ የድምፁ ቅርበት ሁለቱን አንድ ለማድረግ ይገፋፋል። አንባቢው ከዚያ ዓመት በፊት የታተሙትን የዳባዲንና የጉይዲን መዛግብተ ቃላት በ«ጠ» ፊደል ስር ይግለጥ፤ ቃሉ እዚያ ከተገኘ፣ በ«ስ»ም ሆነ በ«ዝ» ቢጻፍ፣ የቴርሞስ ግምት በዚያው ይዘጋል።